ከኮሪያ የጊዜ ጉዞ የፍቅር ድራማዎች የትኛውን ልይ? የንጽጽር መመሪያ

የኮሪያ ድራማ የምታይ ጓደኛ ካለቻችሁ ይህ ወሬ አዲስ አይሆንባችሁም። "ወደ ድሮ ትመለሳለች፤ እዚያ ይዋደዳሉ፤ ከዚያ በቃ እንባ ነው" ትላችኋለች። የድራማውን ስም ስትጠይቁ አንዷ ላቭሊ ራነር ትላለች። ሌላዋ ሙን ላቨርስ። ሦስተኛው ጣልቃ ገብቶ "ናይንን ሳታዩ ስለ ጊዜ ጉዞ አታውሩ" ይላል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ችግሩ ምክሩ እናንተ ዛሬ ላላችሁበት ስሜት የሚሆን መሆን አለመሆኑ አይታወቅም።

እነዚህ ድራማዎች በወሬ ይመሳሰላሉ እንጂ በሚሰጡት ስሜት በጣም ይራራቃሉ። አንዱን አልቅሳችሁ ስትጨርሱ ቅልል ይላችኋል። ሌላው ካለቀ በኋላም ሳምንት ሙሉ ልባችሁን ይዞ ይከርማል። ሐዘን ላይ ላለ ሰው፣ ፍቅር ለጀመረ ሰውና ትዳሩ ለከበደው ሰው አንድ ዓይነት ድራማ አይታዘዝም። ወጪውም ቀላል አይደለም። አብዛኞቹ ከ12 እስከ 20 ክፍል አላቸው፤ አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የብዙ ምሽት እንቅልፍ ይሄዳል። ዳታ እየገዛ ለሚያይ ደግሞ ብዙ ጊጋ ይበላል።

ስለዚህ አምስት ድራማዎችን መርጬ በአንድ ዓይነት ሚዛን አስቀምጣቸዋለሁ። አራት ሌሎችን ደግሞ ባጭሩ እነካካለሁ። መጨረሻቸውን አልነግራችሁም። ምን ዓይነት ስሜት ላይ እንደሚጥሏችሁ ግን እናገራለሁ፤ ያለዚያ መምረጥ አይቻልም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## በምን እንመዝናቸው?

ማን ያስታውሳል? ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ ይህ ነው። በተለመደው የፍቅር ድራማ ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው ገንዘብ፣ ቤተሰብ፣ በሽታ ወይም ሌላ ሴት ነው። በጊዜ ጉዞ ድራማ ግን የሚለያያቸው ትዝታ ነው። አንደኛው ያንን ፍቅር አንዴ ኖሮታል። ሌላኛው ገና "ስምሽ ማን ነበር?" እያለ ነው። ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። እሱ ፊት ለፊቷ ቆሞ አያውቃትም። በሕይወት ያለ ሰው ፊት ቆሞ እሱን ማጣት ማለት ይህ ነው። የምንወደውን ሰው ያጣን ሁሉ የምናለቅሰውም እዚህ ጋ ነው። አንዱ ብቻ የሚያስታውስበትና ሁለቱም የሚያስታውሱበት ድራማ ፈጽሞ የተለያየ እንባ ያስለቅሳሉ።

የተመለሱት ምን ለማዳን ነው? ሰው ነው? ትዳር ነው? ወይስ ሳያስቡት ወድቀው እዚያ የተገኙ ናቸው? አንድ ሰው ለማዳን የሄደች ሴት እያንዳንዷ ደቂቃ ትርጉም አላት። ባጋጣሚ የሄደች ግን መጀመሪያ መኖር ነው ያለባት። ፍቅሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ሕጉ ምንድን ነው? ዋጋውስ? በሩ በፈለጉ ጊዜ የሚከፈት ከሆነ የሚያስለቅስ ነገር የለም። ነገ ተመልሶ ማስተካከል ይቻላላ! ጉዞው የተቆጠረ ሲሆን፣ የሚያስከፍለውም ነገር ሲኖር ነው ልብ የሚንጠለጠለው።

ሲያልቅ ምን ላይ ያደርሰናል? ደስታ፣ መራራ፣ ወይስ የተደባለቀ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህ ማብራሪያ አይፈልግም።

የተዋናዮቹን መልክ፣ ዝናና የተመልካች ቁጥር መመዘኛ አላደረግኋቸውም። ቆንጆ ተዋናይ የሌለበት የኮሪያ ድራማ የለም። በመልክ እንምረጥ ካልን ምርጫው አያልቅም።

## ላቭሊ ራነር (2024፣ 16 ክፍል)

ኢም ሶል በአደጋ ምክንያት መራመድ የማትችል ወጣት ናት። ተስፋ ቆርጣ ሆስፒታል በተኛችበት ቀን አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ይደውልላታል። በመስመሩ ላይ ያለው ገና ታዋቂ ያልሆነ ዘፋኝ ነው፤ ስሙ ርዩ ሶንጄ። አየሩ ደስ ስለሚል ዛሬን ብቻ ኑሪ ይላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አድናቂው ናት። ዓመታት አልፈው እሱ ኤክሊፕስ የሚባል ባንድ ይዞ ትልቅ ኮከብ ሲሆን፣ በድንገት መሞቱን ትሰማለች። በጨረታ የገዛችው የእሱ ሰዓት ወደ 2008 ይመልሳታል። ሁለቱም የሃይስኩል ተማሪዎች ናቸው። እሱ ዘፋኝ ሳይሆን ዋናተኛ ነው። እሷ እግሯ ይሄዳል።

ይህ ድራማ ብዙዎችን ያሳበደው ለምን እንደሆነ ሳስብ መልሱን የማገኘው አድናቂነቱ ላይ ነው። አድናቂ ስለሚወደው ዘፋኝ ሁሉን ያውቃል፤ ዘፋኙ ግን አያውቀውም። ከድሮ ዘመን ሰው ፊት የቆመች የጊዜ ተጓዥም እንደዚያው ናት። ደራሲዋ እነዚህን ሁለት ብቸኝነቶች አንድ ሴት ላይ ደርባቸዋለች። ሶል ገና ከመመለሷ በፊትም የብቻዋን ፍቅር የለመደች ናት።

ከዚያ የሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ይመጣል። እስካሁን በእሷ ዓይን ስናየው የነበረው ታሪክ በእሱ ዓይን ይከፈታል። ዝናብ ነው። ሶል ቢጫ ጃንጥላ ይዛ እየሮጠች ትመጣለች። ሶንጄ ቆሞ ያያታል። ከሩቅ ስታየው የኖረችው እሷ ብቻ እንዳልነበረች፣ እሱ ቀድሟት ይወዳት እንደነበር ያኔ ነው የምናውቀው። የጎረቤቷ ልጅ ነበር። አታውቀውም ነበር እንጂ። ተመልካቹ ይህን ያውቃል፤ ሶል አታውቅም። ቀጣዮቹን ክፍሎች የምናየው "ኧረ ንገራት!" እያልን ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ሰዓቱ የሚመልሳት ለተቆጠሩ ጉዞዎች ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ይቀንሳል። ዋጋው ደግሞ ከባድ ነው። እሱን ለማዳን የምታደርገው ሁሉ ወደ እሷ ያቀርበዋል፤ አደጋውም ያለው እሷ አጠገብ ነው። እንግዲህ ከምትወደው ሰው መራቅ ፍቅር የሚሆንበት ቦታ ላይ ትደርሳለች። እዚያ ላይ ሶልን የምትጫወተው ኪም ሄ ዩን የምትሠራውን ነገር እዩ። ብዙ አትናገርም፤ ፊቷ ብቻ ይበቃል። የሶንጄን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ብዮን ዉ ሶክም በዚህ ድራማ ነው ስሙ ከኮሪያ ውጭ የገነነው። ሶንጄ ለሶል የጻፈው ሶናጊ የሚለው ዘፈን ከድራማው ወጥቶ በኮሪያ የሙዚቃ ሰንጠረዦች ውስጥ ገብቷል።

ድክመት አለው። የወንጀለኛው ታሪክ ቀጭን ነው። ፖሊስና አሳዳጅ የመጣበት ትዕይንት ሁሉ ፍቅሩን ያቋርጣል። ጉዞዎቹ ሲደጋገሙም መሃል ላይ ትንሽ ያደክማሉ። ቢሆንም ከአምስቱ ውስጥ ሳቅና እንባን እንዲህ በእኩል የሚሰጥ የለም። ታጣፊ ስልክና ኤምፒ3 የያዘው የ2008 ዘመን ራሱ ያስናፍቃል። ያኔ ተማሪ የነበረ ሰው ደግሞ የራሱን ጊዜ ያይበታል።

## ሙን ላቨርስ (2016፣ 20 ክፍል)

ይህ የመሪር ሐዘን ድራማ ነው። ቀድሜ ልንገራችሁ።

የዘመናችን ሴት ልጅ በፀሐይ ግርዶሽ ቀን ውኃ ውስጥ የገባ ሕፃን ልታወጣ ገብታ ትሰጥማለች። ስትነቃ 10ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ናት፤ ጎርዮ የሚባለው መንግሥት በመሥራቹ በዋንግ ጎን ሥር ባለበት ዘመን። ስሟ ሄ ሱ ሆኗል። ዙሪያዋን መሳፍንት ከበዋታል። ስምንተኛው ልዑል ዋንግ ውክ ገርና ደግ ነው። አራተኛው ዋንግ ሶ ግን ፊቱ ላይ ጠባሳ አለው። በጭምብል ይሸፍነዋል። ሁሉም ይፈሩታል፤ የገዛ እናቱ እንኳ አትፈልገውም።

ሄ ሱ ወደ ኋላ ከመሄዷ በፊት የመዋቢያ ዕቃ ሻጭ ነበረች። በዚያ ሙያዋ የዋንግ ሶን ጠባሳ ትሸፍንለታለች። ትዕይንቱ ረጅም አይደለም። ፊቱን ማንም ነክቶለት የማያውቅ ሰው እጇ ሲያርፍበት ዓይኑ ውስጥ የሚሆነውን ሊ ጁን ጊ የተጫወተበት መንገድ ግን አይረሳም። ለእኔ ድራማው የሚጀምረው እዚያ ነው። በኋላም ሄ ሱ በዝናብ ውስጥ ተንበርክካ ሳለች መጥቶ በካባው ያለብሳታል። ቃል አይናገርም። ሊረዳት ያልቻለው የሌላኛው ሰው፣ የዋንግ ውክ፣ ፍቅር ምን ያህል እንደነበር በዚያች ቅጽበት ይለያል።

ከላቭሊ ራነር የሚለየው ትልቁ ነገር የትዝታው ዓይነት ነው። ሶል የምታስታውሰው ሰው ነው። ሄ ሱ የምታስታውሰው የታሪክ ትምህርት ነው። ግዋንግ ጆንግ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሣና ብዙ ደም እንደሚያፈስ ሰምታለች። የትኛው ልዑል እንደሆነ ግን አታውቅም። ስታውቅ ረፍዷል። የምትወደውን ሰው ነገ በሚያደርገው ነገር ዛሬ መፍራት ትጀምራለች። ማወቋ አላዳናትም። ይልቁንም ፍቅሩን የበላው እሱ ነው።

ግዋንግ ጆንግ እውነተኛ ሰው ነው። ከ949 እስከ 975 የነገሠ አራተኛው የጎርዮ ንጉሥ ነው። በ956 ያለአግባብ ባሪያ የተደረጉ ሰዎችን ነፃ የሚያወጣ ሕግ አወጣ። በ958 የመንግሥት ሹመት በፈተና እንዲሆን አደረገ። መኳንንቱንም ያለ ርኅራኄ መንጥሯል። ይህን አውቃችሁ ብታዩት ድራማው ይበልጥ ይከብዳል፤ ታሪክ የጻፈውን ማንም እንደማይቀይር ታውቃላችሁና።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅነት ይበዛባቸዋል። መሳፍንቱ ይሯሯጣሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ስማቸውን ለመለየት ያስቸግራል። አንዳንድ ትዕይንቶችም ተቆርጠው የተቀጠሉ ይመስላሉ። ሄ ሱን የምትጫወተው ዘፋኟ አይዩም ወደ ሚናዋ የምትገባው ቀስ ብላ ነው። ከመሃሉ በኋላ ግን ያ ሁሉ ሳቅ ለምን እንደነበረ ይገባችኋል። እነዚያ የሚሯሯጡት ወንድማማቾች ናቸው አንድ በአንድ የሚያልቁት። ሁለተኛ ምዕራፍ ይሠራ እያሉ ለዓመታት የለመኑ አድናቂዎች ያሉት በከንቱ አይደለም። በዚያ መጨረሻ ላይ ሰው መቆም ያቅተዋል።

## ኩዊን ኢን ህዮንስ ማን (2012፣ 16 ክፍል)

እዚህ ተጓዡ ወንድ ነው። የሚመጣውም ወደ እኛ ዘመን ነው። ኪም ቡንግ ዶ የጆሶን (ጎርዮን የተካው የኮሪያ ሥርወ መንግሥት) ዘመን ምሁር ነው። ከዙፋኗ የተባረረችውን ንግሥት ኢን ህዮንን በ1694 ወደ ቦታዋ ለመመለስ ይታገላል። ሊሞት ሲል አንድ ክታብ ያድነውና 2012 ሴኡል ላይ ይጥለዋል። የሚወድቀው የቲቪ ድራማ በሚቀረጽበት ቦታ ነው። ቼ ሂ ጂን የምትባል ያልታወቀች ተዋናይ የንግሥት ኢን ህዮንን ልብስ ለብሳ ቆማለች።

ይህን ድራማ የምወደው ሰውየው ብልህ ስለሆነ ነው። በሌሎች ድራማዎች ከድሮ የመጣ ሰው መኪና አይቶ ይጮኻል፤ እንስቃለን። ቡንግ ዶ ግን ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይማራል። ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ታሪክ ስለ እሱ ምን እንደጻፈ ይፈልጋል። ሂ ጂን ደግሞ ተጫዋች ናት። በዚህ ዘመን መሰነባበት የሚባለው መሳም ነው ብላ ታታልለዋለች። እሱም አምኖ ዝም ይላል። ከዚያ እውነቱን ያገኘዋል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሙሉ ልባቸው ሲዋደዱ ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ያለ ምክንያት መኮራረፍ የለም። ደርሶ ዝም መባባል የለም። ተዋናዮቹ ጂ ህዮን ኡና ዩ ኢን ና ናቸው። በመካከላቸው ያለው መፈላለግ ትወና አይመስልም።

ትዝታ እዚህም ዋጋ ይከፍላል፤ ግን ዘግይቶ። የክታቡ ሕግ ሲነካ ምን እንደሚጠፋ በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ታያላችሁ። የቤተ መንግሥቱ ፖለቲካ ላልለመደው ሰው ትንሽ ይወሳሰባል፤ ሥዕሉም ዛሬ ካሉት ድራማዎች ጋር ሲታይ ያረጀ ነው።

## ናይን (2013፣ 20 ክፍል)

የኩዊን ኢን ህዮንስ ማን ደራሲ ሶንግ ጄ ጁንግ በማግሥቱ ዓመት የጻፈችው ነው። ከሁሉም ይልቅ ሕጉ ጥብቅ ነው። ዘጠኝ የዕጣን እንጨቶች አሉ። አንዱ ሲለኮስ በትክክል 20 ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። ነዶ እስኪያልቅ 30 ደቂቃ ነው። ካለቀ ይመለሳል። በቃ።

ፓክ ሶን ኡ የዜና አቅራቢ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ አለ፤ ዕድሜው አጭር ነው። ዕጣኑን ያገኘው ሂማላያ ላይ ከሞተው ወንድሙ ነው። ቤተሰቡን ሊያድን ወደ 1992 ይሄዳል። ለወንድሙ ብሎ ያስተካከለው አንድ ነገር ግን የሚወዳትን ሴት ይወስድበታል። አልሞተችም፤ አልጠፋችም። በየቀኑ ያያታል። ሚስቱ ልትሆን የማትችል ሰው ሆና ነው የሚያያት። የነበራቸውን ነገር የሚያስታውሰውም እሱ ብቻ ነው። ይህን ሐሳብ ያሰበች ደራሲ ልብ መስበር ታውቅበታለች።

ማስጠንቀቂያ ቢኖር ይህ ነው፦ ናይን በእርግጥ የፍቅር ድራማ የሚሆነው ከፊሉ ነው። ሌላው ከፊል ጥርጣሬ፣ በቀልና የቤተሰብ ምሥጢር ነው። ስልክ እየነካካችሁ የምታዩት አይደለም። አንድ ደቂቃ ካመለጣችሁ ማን የቱ ዓመት ላይ እንዳለ ይጠፋባችኋል። መጨረሻውም ዛሬ ድረስ ያከራክራል፤ የተዘጋ ነገር ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።

## ጎ ባክ ካፕል (2017፣ 12 ክፍል)

ማ ጂን ጁና ቼ ባን ዶ 38 ዓመታቸው ነው። ሕፃን ልጅ አላቸው። ተሰለቻችተው፣ ተቀያይመው ይፋታሉ። በማግሥቱ ሲነቁ ግን 1999 ነው። የ20 ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱም ያስታውሳሉ። ሁለቱም "አሁንስ ያንን ሰው አላገባም" ብለው ይነሣሉ።

ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር ይህ ነው። ትዝታው የጋራ ነው፤ ስለዚህ እንባው የማጣት ሳይሆን የመታረቅ ነው። ባልየው ሚስቱ በ20 ዓመቷ ምን ያህል ሳቂታ እንደነበረች እንደገና ያያል። ማን እንዳደከማት ይገባዋል። ሚስትየዋም እሱ ከሥራ ሲመጣ ዝም የሚለው ለምን እንደነበረ ቀስ በቀስ ታውቃለች።

ግን ድራማው ውስጥ ከባልና ሚስቱ የሚበልጥ ፍቅር አለ። ጂን ጁ የሞተች እናቷን እንደገና ታገኛለች። እናት ወጥ ቤት ሆና ምግብ ትሠራለች፤ እንደ ማንኛውም ጠዋት። ልጅ ሮጣ ሄዳ ታቅፋታለች። አትለቃትም። እናት ምን ሆነሽ ነው እያለች ትገረማለች። ጂን ጁ የምትመልሰው ነገር የላትም። እናቲቱን የምትጫወተው ኪም ሚ ክዮንግ ናት፤ በኮሪያ ድራማ የእናትነት ሚና ከታወቁት አንዷ። ቀናት ሲያልፉ ጥያቄው ይከብዳል። እዚህ ከቆየች እናቷ አለች። ወደ ጊዜዋ ከተመለሰች ልጇ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። እናቱን የቀበረ ሰው ይህን ብቻውን ባያየው ይሻላል። ለእኔ ከአምስቱ ሁሉ እውነተኛው ድራማ ይህ ነው። የኮሪያን ባህል ምንም ሳታውቁ ይገባችኋል።

ደካማ ጎኑ የጎን ገጸ ባሕርያት ቀልድ ነው፤ ይንዛዛል። የፍቅር ስሜት፣ የልብ ትርታ ፈልጋችሁ ከመጣችሁም ያሳዝናችኋል። ይህ የትዳር ድራማ ነው።

## ሌሎች አራት፣ ባጭሩ

ሩፍቶፕ ፕሪንስ (2012፣ 20 ክፍል)። የጆሶን አልጋ ወራሽ ከሦስት ተከታዮቹ ጋር 300 ዓመት ተሻግሮ በአንዲት ሴት የጣሪያ ላይ ቤት ይወድቃል። ግማሹ ኮሜዲ ነው። ባለቀለም ቱታ የለበሱት አራት ወንዶች ያስቃሉ። የኩባንያው ሽኩቻ ግን ይረዝማል። መጨረሻው ጣፋጭም መራራም ነው።

ኤ ታይም ኮልድ ዩ (2023፣ 12 ክፍል)። ፍቅረኛዋን ያጣች ሴት በካሴት ማጫወቻ ዘፈን እየሰማች 1998 ላይ በሌላ ልጅ ሰውነት ትነቃለች። የታይዋን ድራማ በኮሪያ እንደገና የተሠራበት ነው። እንቆቅልሽ መፍታት ለሚወዱ ይሆናል። ስሜቱ ግን አንዳንዴ በእንቆቅልሹ ይዋጣል።

ሚስተር ኩዊን (2020፣ 20 ክፍል)። የዘመናችን ወንድ ሼፍ ነፍስ በጆሶን ንግሥት ሰውነት ውስጥ ይገባል። ለሳቅ ነው የሚታየው። ሺን ሄ ሶን በትወናዋ ትማርካለች። በኮሪያ ውስጥ በታሪክ አያያዙ ተተችቷል።

ስፕላሽ ስፕላሽ ላቭ (2015፣ 2 ክፍል)። ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የምትሸሽ ተማሪ በዝናብ ውኃ ኩሬ በኩል ጆሶን ትገባለች። ወጣቱን ንጉሥ ሒሳብ ታስተምራለች። አንድ ምሽት ብቻ ይበቃዋል።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ድራማ | ክፍል | ማን ያስታውሳል? | ሕጉ | ሲያልቅ የሚተወው ስሜት |
|---|---|---|---|---|
| ላቭሊ ራነር | 16 | በብዛት እሷ ብቻ | የተቆጠሩ የሰዓት ጉዞዎች | ከብዙ እንባ በኋላ ቅልል ይላል |
| ሙን ላቨርስ | 20 | እሷ፣ ያውም ታሪክን | አንድ ጊዜ፣ ሳይፈለግ | መራራ፣ ለቀናት ይቆያል |
| ኩዊን ኢን ህዮንስ ማን | 16 | ሁለቱም፣ እስከ ጊዜው | ሊሞት ሲል የሚያድን ክታብ | ሞቅ ያለ |
| ናይን | 20 | በብዛት እሱ ብቻ | ዘጠኝ ዕጣን፣ 30 ደቂቃ፣ 20 ዓመት | አከራካሪ፣ ያሳስባል |
| ጎ ባክ ካፕል | 12 | ሁለቱም | አንድ ጊዜ፣ ሳይፈለግ | የእርቅ እንባ |

## እንግዲህ ለማን የትኛው?

የጊዜ ጉዞ ድራማ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ በላቭሊ ራነር ጀምሩ። ሕጉ ቀላል ነው፣ ተዋናዮቹ ይወደዳሉ፣ ሥዕሉ አዲስ ነው። እህትና ወንድም፣ ትልቅና ትንሽ አብሮ ሊያየው ይችላል።

ያገባችሁና የደከማችሁ ከሆነ ጎ ባክ ካፕል። ከቻላችሁ ከባለቤታችሁ ጋር እዩት። 12 ክፍል ስለሆነ በሁለት ቅዳሜና እሑድ ያልቃል። እናቱን በቅርብ ያጣ ሰው ግን ትንሽ ይቆይ። ጊዜ ሲያልፍ እሱ ራሱ ደስ ብሎት ያየዋል።

ማልቀስ የምትፈልጉ፣ ውስጣችሁ የታመቀ ነገር ያላችሁ ከሆነ ሙን ላቨርስ ያወጣዋል። ነገር ግን ብቻችሁን ባላችሁበት፣ ድብርት በያዛችሁ ሰሞን አትጀምሩት። ጓደኛ ጋር ተደዋውሎ እያወሩ ማየት ይሻላል። ሙን ላቨርስንና ናይንን ደግሞ አታከታትሏቸው። መሃላቸው ላይ ሚስተር ኩዊንን ወይም ሌላ የሚያስቅ ነገር አስገቡ።

ፍቅር ፈልጋችሁ ልቅሶ የማትፈልጉ ከሆነ ኩዊን ኢን ህዮንስ ማን። ፊልም ስታዩ "እንዴት እንዲህ ይሆናል?" እያላችሁ የምትሟገቱ ዓይነት ከሆናችሁ ናይን። ሕጉን አጥብቃችሁ ብትፈትሹትም ይቋቋማችኋል።

ጊዜም ዳታም ካጠራችሁ በስፕላሽ ስፕላሽ ላቭ ሞክሩ። ይህ ዓይነት ታሪክ እንደሚመቻችሁና እንደማይመቻችሁ ከሁለት ክፍል በኋላ ታውቃላችሁ። ካልተመቻችሁ 20 ሰዓት አላባከናችሁም።

## አልይዘኝ ካለ እስከ የት ልታገሥ?

ብዙ ሰው ጥሩ ድራማ የሚተወው ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የትዕግሥት ልክ ልንገራችሁ። ላቭሊ ራነርን የሁለተኛውን ክፍል የመጨረሻ ደቂቃዎች ሳታዩ አትዝጉት። ከዚያ በኋላም ካልነካችሁ የእናንተ አይደለም። ኩዊን ኢን ህዮንስ ማን ሦስትና አራት ክፍል ስጡት፤ ፖለቲካው የሚቀለው ሁለቱ ደጋግመው መገናኘት ሲጀምሩ ነው። ናይን ቢያንስ አምስት ክፍል ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ዝግጅት ነው። ሙን ላቨርስን ጠባሳው እስኪሸፈን ድረስ ታገሡት። ጎ ባክ ካፕልን ግን ማንም ታገሡ ሊላችሁ አይገባም፤ እናትና ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ካልያዛችሁ ኋላም አይዛችሁም።